በሰፈሩት ቁና፡- ያዕቆብና የወሰደው በረከት

በአገራችን ትልቁን ነገር በትንሽ ጥቅም የለወጠ ሰው «ብኩርናውን በምስር ወጥ ሸጠ» ይባላል። አባባሉን ጋዜጣ ላይ እናነበዋለን፤ ሽምግልና ላይ እንሰማዋለን፤ ሻይ ቤት ውስጥም አይጠፋም። ታዲያ ሁልጊዜ የሚወቀሰው ሻጩ ዔሳው ነው፤ ሆዳም፣ ችኩል፣ ነገን የማያይ እየተባለ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ገበያ እኮ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሻጭ ካለ ገዢ አለ። ከዱር ደክሞ የመጣ ወንድሙ የሚቀመስ ነገር ሲለምነው መጀመሪያ ዋጋ የቆረጠውን ሰው ምን እንበለው?

«አራዳ ነዋ!» የሚል መልስ ዶርም ውስጥ ሰምቻለሁ። እንዲያውም በአንድ የፈተና ሰሞን ስለ ኩረጃ ክርክር ተነሥቶ አንዱ ልጅ «ያዕቆብስ ኮርጆ አይደል እንዴ የተባረከው?» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ነገሩ ግን በሳቅ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። አባቱን ያታለለ ሰው ከተባረከ መጽሐፉ ማታለልን ደግፏል ማለት ነው? ወይስ እኛ ታሪኩን እኩሌታው ላይ አቁመን ነው የምናወራው?

ውድ አንባብያን፣ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለመስበክ አላሰብኩም። የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንደመሆኔ መጠን የያዕቆብን ሕይወት በኦሪት ዘፍጥረት እንደተተረከው አብረን እንድናነበው ነው የምፈልገው። ለማሳየት የምሞክረውም አንድ ነገር ነው፡- የዘፍጥረት ተራኪ ያዕቆብን በራሱ አንደበት አንድም ቦታ አይወቅሰውም፤ ፍርዱን የሚሰጠው በታሪኩ አወቃቀር ነው። ያዕቆብ በሰፈረበት ቁና መልሶ ይሰፈርለታል፤ ያውም በዚያው ዕቃ፣ በዚያው ቃል፣ በዚያው ዓይነት ልብስ። ይህን የሚያየው ደግሞ እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ነው።

የሕይወቱ አካሄድ ባጭሩ

ያዕቆብ ከአብርሃምና ከይስሐቅ ቀጥሎ ሦስተኛው የዕብራውያን አባት ነው። ታሪኩ ከዘፍጥረት ምዕራፍ 25 ጀምሮ እስከ መጽሐፉ ማብቂያ ምዕራፍ 50 ድረስ ይዘልቃል። አባቱ ይስሐቅ በ40 ዓመቱ ርብቃን አገባ፤ ልጅ ያገኘው ግን በ60 ዓመቱ ነው። ርብቃ መንታ አረገዘች፤ ልጆቹም ገና በሆዷ ሳሉ ይገፋፉ ነበር። እግዚአብሔርን ብትጠይቅ ሁለት ሕዝቦች በማኅፀኗ እንዳሉና ታላቁ ለታናሹ እንደሚገዛ ተነገራት። መጀመሪያ ዔሳው ወጣ፤ ቀጥሎ ያዕቆብ የወንድሙን ተረከዝ ይዞ ተወለደ። ዔሳው አዳኝ ሆነ፤ አባቱም ወደደው። ያዕቆብ በድንኳን የሚውል ሆነ፤ እናቱም ወደደችው። እንግዲህ ቤቱ ከመጀመሪያው ለሁለት የተከፈለ ነበር።

ያዕቆብ ብኩርናውን በወጥ ከገዛ፣ በረከቱንም በማታለል ከወሰደ በኋላ ወንድሙን ፈርቶ ወደ ካራን፣ ወደ አጎቱ ወደ ላባ ሸሸ። በመንገድ ላይ በቤቴል መሰላሉን በሕልም ያየው ያን ጊዜ ነው። በካራን 20 ዓመት ቆየ፤ ልያንና ራሔልን አገባ፤ ባላና ዘለፋ የተባሉት አገልጋዮቻቸውም ወለዱለት። 11 ወንዶች ልጆችና ዲና የተወለዱት በዚያ ነው። ሲመለስ በያቦቅ ወንዝ አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ ታገለና እስራኤል የሚል ስም ተቀበለ። 12ኛው ልጅ ብንያም ሲወለድ ራሔል በመንገድ ላይ ሞተች። ከዚያ ዮሴፍን አጣ። ረሃብ ሲመጣ በ130 ዓመቱ ግብፅ ወረደ፤ በ147 ዓመቱም እዚያው ሞተ። አስከሬኑ በኬብሮን በማክፌላ ዋሻ ከአባቶቹና ከልያ ጋር ተቀበረ።

ስሙ ምን ይላል?

በዕብራይስጥ ተረከዝ «ዓቄብ» ይባላል። ዘፍጥረት የያዕቆብን ስም ከዚህ ቃል ጋር ያያይዘዋል፤ ተረከዝ ያዥ፣ ከኋላ መጥቶ የሚያደናቅፍ እንደማለት። እኛ ግን በግዕዝ በኩል ስንሰማው ሌላ ነገር ይመጣብናል። በግዕዝ «ዐቀበ» ማለት ጠበቀ ማለት ነው። ዛሬም «ዐቃቤ ሕግ» ስንል ሕግ ጠባቂ ማለታችን ነው። ነገሩ የድምፅ መመሳሰል ብቻ አይደለም። የሴማዊ ቋንቋ አጥኚዎች የግዕዙንና የደቡብ ዓረብን ሥር ተመርኩዘው ስሙ ጥንት «አምላክ ይጠብቅ» የሚል ሙሉ ስም አጭር ቅርጽ ሊሆን እንደሚችል ያስረዳሉ። በዚሁ ሥር የተሠራ ስም በግብፅ በነገሠ በአንድ የሂክሶስ ዘመን ገዢ ማኅተሞች ላይም ተገኝቷል።

እኔ ሁለቱ ትርጉሞች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ደስ ይለኛል። ያዕቆብ የሰውን ተረከዝ ይዞ የሚያደናቅፍ ሰው ነው፤ በቤቴል ደግሞ አምላክ በሄደበት ሁሉ እንደሚጠብቀው ቃል የተገባለት ሰው ነው። ሕይወቱ በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚሄድ ይመስለኛል። ተጠበቀ፤ ነገር ግን ካደረገው ነገር ውጤት አልተጠበቀም።

ብኩርናና በረከት

በዕብራይስጥ ብኩርና «በኾራ»፣ በረከት ደግሞ «በራኻ» ነው። ሦስቱ ተነባቢዎች አንድ ናቸው፤ የሁለቱ ቦታ ብቻ ተለዋውጧል። ደስ የሚለው በእኛም ቋንቋ እንደዚያው መሆኑ ነው፡- በ-ከ-ረ እና በ-ረ-ከ። እንግሊዝኛ አንባቢ የማይሰማው ጨዋታ ለአማርኛ አንባቢ ይሰማዋል። ዔሳው በምሬት ሲጮኽ ወንድሙ ሁለት ጊዜ እንዳደናቀፈው፣ ያኔ ብኩርናውን አሁን ደግሞ በረከቱን እንደወሰደበት የሚናገረው በእነዚህ መንታ ቃላት ነው። ቃላቱም እንደ ወንድማማቾቹ መንታ ናቸው።

ወደ ምዕራፍ 27 እንምጣ። ይስሐቅ አርጅቷል፤ ዓይኑ አያይም። ዔሳውን አድኖ እንዲያበላውና እንዲመርቀው ይልከዋል። ርብቃ ሰምታ ያዕቆብን ታዘጋጃለች፤ ሁለት ጠቦቶች ይታረዳሉ፣ የዔሳው መልካም ልብስ ይለበሳል፣ የጠቦቶቹ ቆዳ በእጁና በአንገቱ ላይ ይደረጋል። ልብ በሉ፤ ያዕቆብ ለእናቱ ያቀረበው ተቃውሞ ነገሩ ኃጢአት ነው የሚል አይደለም። አባቴ ቢዳስሰኝስ ነው ያለው። የፈራው መያዝን ነው! እናቱም ርግማኑ በእሷ ላይ እንዲሆን ተስማማች። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ይስሐቅ ማን እንደሆነ ሲጠይቀው ያዕቆብ ዔሳው የበኩር ልጅህ ነኝ ይላል። አደኑ እንዴት ፈጥኖ እንደተገኘ ሲጠየቅ ደግሞ የእግዚአብሔርን ስም ይጠራል። ሽማግሌው ይዳስሳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ልብሱን ያሸታል። ዳሰሳውም፣ ጣዕሙም፣ ሽታውም ይዋሹታል። እውነቱን የነገረው ጆሮው ብቻ ነው፤ ድምፁ የያዕቆብ እንደሆነ ሰምቷል፤ ግን አላመነውም። ተራኪው እዚህ ላይ ይስሐቅ ልጁን «አላወቀውም» ይላል። የዕብራይስጡ ግስ የሚገኘው «ነ-ከ-ረ» ከሚለው ሥር ነው፤ አይቶ መለየት፣ ማወቅ ማለት ነው። ይህንንም ቃል ያዙልኝ።

ዔሳው ከአደን ሲመለስ ይስሐቅ እጅግ ተንቀጠቀጠ። ወንድሙ በተንኮል እንደመጣም ነገረው። ለተንኮል የገባው የዕብራይስጥ ቃል «ሚርማ» ነው። ዔሳው አባቱን አንድ በረከት ብቻ ነው ወይ ያለህ እያለ አለቀሰ። ቀደም ሲል ብኩርናውን እንደናቀ የነገረን ተራኪ እዚህ ላይ ስለ ዔሳው ልቅሶ እንጂ ስለ ያዕቆብ ጥፋት ምንም አይልም። ዝም ይላል። ዝምታው ግን ድጋፍ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን እንይ።

ቁናው ሲመለስ

አንደኛ፣ አገልግሎት። ትንቢቱ ታላቁ ለታናሹ ይገዛል የሚል ነበር። ታሪኩ ውስጥ ግን ዓመት ቆጥሮ ሲገዛ የምናየው ታናሹን ነው። ያዕቆብ ለላባ 14 ዓመት ስለ ሴቶች ልጆቹ፣ 6 ዓመት ስለ መንጋው አገለገለ፤ ደመወዙንም አሥር ጊዜ እንደለዋወጠበት ራሱ ያማርራል። የግሱ ሥር ትንቢቱ ላይ ያለው ራሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ልያ። ያዕቆብ ራሔልን ብሎ 7 ዓመት ሠራ። በሠርጉ ሌሊት ላባ ልያን አገባለት፤ ሲነጋ እነሆ ልያ ናት። ያዕቆብ ለምን አታለልከኝ ብሎ ሲጮኽ የሚጠቀመው ግስ «ሚርማ» ከወጣበት ሥር የወጣ ነው፤ ይስሐቅ ስለ እሱ የተናገረው ቃል በራሱ አፍ ገባ። የላባ መልስ ደግሞ ይብሳል። በእኛ አገር ታናሺቱን ከበኩሪቱ በፊት መስጠት ወግ አይደለም አለው። ተራኪው ቀደም ሲል ልጆቹን ሲያስተዋውቀን ታላቂቱና ታናሺቱ ነበር ያላቸው። «በኩር» የሚለውን ቃል ያመጣው ላባ ነው። ነገሩን አውቆ ይናገር ሳያውቅ አልተጻፈም፤ የያዕቆብ ጆሮ ግን ሳይሰማው አይቀርም። በጨለማ ታናሹ በታላቁ ቦታ ገብቶ ነበር፤ አሁን በጨለማ ታላቂቱ በታናሺቱ ቦታ ገባች።

ይህን ያየሁት እኔ የመጀመሪያ አይደለሁም። «በሬሺት ራባ» የተባለው ጥንታዊ የአይሁድ ትርጓሜ (በእኛ አንድምታ እንደምንለው ዓይነት ነው) ያዕቆብና ልያ በዚያች ጠዋት ሲነጋገሩ ያሳየናል። ያዕቆብ አታላይ ብሎ ሲሰድባት፣ ልያ ተማሪ የሌለው መምህር አለ እንዴ በሚል መንፈስ ትመልስለታለች፤ አባቱ ዔሳው ብሎ ሲጠራው አቤት ማለቱን ታስታውሰዋለች። የአይሁድ ሊቃውንት ለዚህ ዓይነቱ ነገር «ሚዳ ከኔገድ ሚዳ» የሚል አነጋገር አላቸው፤ መስፈሪያ በመስፈሪያ አንጻር ማለት ነው። እኛም እኮ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» እንላለን።

ሦስተኛ፣ እናቱ። ርብቃ ያዕቆብን ስታሸሸው የወንድሙ ቁጣ እስኪበርድ ጥቂት ቀን ብቻ እንዲቆይ ነበር የነገረችው። ጥቂቱ ቀን 20 ዓመት ሆነ። የሚገርመው፣ ስለ ራሔል የሠራው 7 ዓመት እንደ ጥቂት ቀን ሆነለት ሲል ተራኪው በዕብራይስጡ የርብቃን ቃል ራሱን ይደግመዋል። ለእሱ ዓመቱ ቀን ሆነ፤ ለእሷ ቀኑ ዓመት። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ ሲገናኙ ዘፍጥረት አያሳየንም። የሞግዚቷ የዲቦራ ሞት ተጽፏል፤ የርብቃ ሞት ግን አልተተረከም፤ በማክፌላ መቀበሯን ብቻ በኋላ ከያዕቆብ አፍ እንሰማለን። ርግማኑ በእኔ ላይ ይሁን ያለችው እናት የምትወደውን ልጅ እንደሸኘችው ቀረች። እኔ በበኩሌ ከታሪኩ ሁሉ ይቺ ታሳዝነኛለች።

አራተኛ፣ ቀሚሱ። ያዕቆብ እንደ አባቱ ከልጆቹ መካከል አንዱን አብልጦ ወደደ፤ ለዮሴፍም ልዩ ቀሚስ አደረገለት። ዮሴፍ በ17 ዓመቱ በወንድሞቹ ተሸጠ። ወንድሞቹ ፍየል አርደው ቀሚሱን በደም ነከሩና ወደ አባታቸው አመጡት። ቆጠራችሁ? ያን ጊዜ የወንድም ልብስና የፍየል ጠቦት ነበር፤ አሁንም የወንድም ልብስና የፍየል ደም ነው። ያን ጊዜ የተታለለው አባት ነበር፤ አሁንም አባት ነው፤ ልዩነቱ አባትየው አሁን ያዕቆብ መሆኑ ነው። ልጆቹ አውሬ በላው ብለው አልዋሹትም። ቀሚሱን እያሳዩ የልጅህ መሆኑን እስቲ እወቅ ብቻ ነው ያሉት፤ በዕብራይስጡ «ሀኬር ና»። ያዙልኝ ያልኳችሁ ሥር ይኸው፤ ነ-ከ-ረ! ይስሐቅ ልጁን አላወቀም፤ ያዕቆብ የልጁን ቀሚስ አወቀ። ባያውቀው ይሻለው ነበር።

በመካከለኛው ዘመን በፈረንሳይ የኖረው ታላቁ ተርጓሚ ራሺ (1040-1105 እ.ኤ.አ.) በታልሙድ ያለውን ስሌት ተከትሎ ዓመቱን ይቆጥረዋል። ዮሴፍ ከአባቱ የተለየው 22 ዓመት ነው። በ17 ዓመቱ ተሸጠ፣ በ30 ዓመቱ በፈርዖን ፊት ቆመ፣ 7ቱ የጥጋብ ዓመታትና 2 የረሃብ ዓመታት አለፉ። ያዕቆብም ከአባቱና ከእናቱ ተለይቶ የቆየው 22 ዓመት ነው ይላል፤ 20 በካራን፣ 2 በመንገድ። አባትና እናቱን ያላገለገለባቸው ዓመታት ልክ በልክ ተመለሱለት።

ጠበቆቹና ከሳሾቹ

በእርግጥ ያዕቆብ ጠበቃ አጥቶ አያውቅም። ኦሪትን ወደ አራማይክ የመለሰው የኦንቅሎስ ትርጉም ይስሐቅ «በሚርማ» ያለውን «በጥበብ» ብሎ ተርጉሞታል። ራሺም ያዕቆብ ለአባቱ የሰጠውን መልስ ለሁለት ይሰነጥቀዋል፤ እኔ ነኝ (ምግቡን ያመጣሁት)፣ ዔሳው ደግሞ የበኩር ልጅህ ነው እንደማለት። ቅኔ የሚያውቅ ሰው ይህን ሰምና ወርቅ ሳይወድደው አይቀርም። ይሁን እንጂ ሽማግሌው የሰማው ሰሙን ብቻ ነው።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን መጽሐፈ ኩፋሌ ነው። ይህ መጽሐፍ በአይሁድ ቀኖና ውስጥ የለም፤ የተጻፈው ግን በዕብራይስጥ ነው፤ ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቁምራን ዋሻዎች የዕብራይስጡ ቁርጥራጮች ተገኝተዋል። ሙሉው ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው። ኩፋሌ ታሪኩን ሲደግም ያዕቆብ ዔሳው ነኝ አይልም፤ ልጅህ ነኝ ብቻ ይላል። ይህ ደግሞ ውሸት አይደለም። ይስሐቅም ያልለየው ከሰማይ በሆነ ነገር ነው ይላል። እዚያ ርብቃ ረጅም ንግግር ታደርጋለች፤ ያዕቆብ ተመልሶ ያያታል፤ ሞቷም ተተርኳል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ደግሞ በኩፋሌ ወንድማማቾቹ መጨረሻ ላይ ተዋግተው ያዕቆብ ዔሳውን በቀስት ይገድለዋል።

እንግዲህ ኩፋሌ ያዕቆብን ንጹሕ ለማድረግ ውሸቱን አነሣለት፤ የእርቁንም ታሪክ አብሮ አሳጠረ። ለእኔ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ጥፋቱ ከታሪኩ ከወጣ፣ ከጥፋቱ የተመለሰበት መንገድም አብሮ ይወጣል። ዘፍጥረት ግን ሁለቱንም አስቀምጧል።

በአይሁድ መጻሕፍት ውስጥ ከሳሾችም አሉት። ነቢዩ ሆሴዕ በምዕራፍ 12 እግዚአብሔር ያዕቆብን እንደ መንገዱ እንደሚመልስለት ተናግሮ ወዲያው የተረከዙን ነገር ያነሣል። ኤርምያስም በምዕራፍ 9 በዘመኑ ወንድም ወንድሙን እንደሚያታልል ሲያማርር በያዕቆብ ስም ላይ ይጫወታል። ማለትም አንድ ሕዝብ የተጠራበትን የአባቱን ስም ራሱን ለመውቀስ ይጠቀምበታል። ይህን ማድረግ የሚችል ሕዝብ ብዙ አይመስለኝም።

ከያቦቅ ማዶ

አሁን ወደ እርቁ እንሂድ። ከ20 ዓመት በኋላ ያዕቆብ ሲመለስ ዔሳው 400 ሰዎች አስከትሎ እየመጣ እንደሆነ ሰማ። እጅግ ፈራ። መንጋውን ለሁለት ከፈለ፤ ጸለየ፤ ለወንድሙም እጅ መንሻ አዘጋጀ። ተራኪው ይዘረዝረዋል፡- 200 እንስት ፍየሎችና 20 አውራዎች፣ 200 እንስት በጎችና 20 አውራዎች፣ 30 የሚያጠቡ ግመሎች ከነግልገሎቻቸው፣ 40 ላሞችና 10 በሬዎች፣ 20 እንስት አህዮችና 10 ውርንጭላዎች። የግመሎቹ ግልገሎች ሳይቆጠሩ 550 ይመጣል። ለአንድ ሳህን ምስር ይህ ሁሉ!

በዚያች ሌሊት ብቻውን በያቦቅ ዳር ሲቀር አንድ ሰው እስኪነጋ ታገለው፤ የጭኑንም ሹልዳ ነካው። ያዕቆብ ካልባረክኸኝ አልለቅህም አለ። አሁንም በረከት! ታጋዩ ግን ከመባረኩ በፊት ስሙን ጠየቀው። ልብ በሉ፤ በረከት ፈልጎ ማንነቱን የተጠየቀው ይህ ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ዔሳው ነኝ አለ። አሁን ያዕቆብ ነኝ አለ፤ ተረከዝ ያዡ፣ አደናቃፊው እኔ ነኝ እንደማለት። አዲሱ ስም፣ እስራኤል፣ የተሰጠው አሮጌውን ከተናገረ በኋላ ነው። ቦታውንም ጵኒኤል አለው፤ የእግዚአብሔር ፊት ማለት ነው። ሲነጋ እያነከሰ ሄደ።

ከዚያ ወንድሙን አገኘው። የይስሐቅ ምርቃት የእናትህ ልጆች ይስገዱልህ የሚል ነበር። የሰገደው ግን ማን ነው? ያዕቆብ ነው፤ ሰባት ጊዜ ወደ ምድር። ጌታዬ እያለ የጠራው ዔሳውን ነው፤ ባሪያህ ያለው ራሱን ነው። ዔሳው ሮጦ አቀፈው፤ ሁለቱም አለቀሱ። እጅ መንሻውን ዔሳው አልቀበልም፣ ለእኔ ብዙ አለኝ ሲል ያዕቆብ ለመነው። መጀመሪያ ስጦታውን «ሚንሃ» ነበር ያለው፤ ተራ የስጦታ ቃል ነው። ቀጥሎ ግን ቃሉን ቀየረና «በራኻዬን» ውሰድ አለ። በረከቴን! ፊትህን ማየት የእግዚአብሔርን ፊት እንደማየት ሆነልኝም አለው።

እዚህ ላይ አማርኛችን የሚጠቅመን ይመስለኛል። እኛ ለትልቅ ሰው የሚቀርበውን ስጦታ «ገጸ በረከት» እንለዋለን። ገጽ እና በረከት፤ በምዕራፍ 32 እና 33 ላይ እየተደጋገሙ የሚመጡት ሁለቱ ቃላት ናቸው። ያዕቆብ የወንድሙን ገጽ ሊያይ መጣ፤ የወሰደውንም በረከት በገጸ በረከት መለሰ። በእርግጥ ቃል የተገባለትን ምድር አልመለሰም፤ የተነገረ ምርቃት አይመለስም። ግን የተሰረቀውን ነገር በስሙ ጠርቶ በባለቤቱ እጅ አኖረው። ዔሳውም ተቀበለ።

ያዕቆብ ከዚያች ቀን በኋላ መልአክ ሆነ ማለቴ አይደለም። ወዲያው ዔሳውን ሴይር ድረስ እመጣለሁ ብሎት ወደ ሱኮት ዞረ። ልጆቹም በሴኬም ሰዎች ላይ ያደረጉትን ሲያደርጉ የመለሱላቸው መልስ በ«ሚርማ» እንደነበረ ተራኪው ይነግረናል። ተንኮሉ በቤቱ ቀርቶ ነበር፤ ከዚያ ነው ወደ ዮሴፍ ቀሚስ የደረሰው። የተቋረጠው ይሁዳ ስለ ብንያም እኔ ባሪያ ልሁን ባለ ጊዜ ነው። ወንድሙን ይሸጥ ዘንድ ሐሳብ ያቀረበው ይሁዳ፣ አባቱ አብልጦ ስለሚወደው ልጅ ራሱን ሰጠ። ያዕቆብ ለዔሳው ያላደረገውን የያዕቆብ ልጅ ለወንድሙ አደረገው።

እንደ ማጠቃለያ

ያዕቆብ በ130 ዓመቱ በፈርዖን ፊት ቆሞ ዕድሜው ሲጠየቅ የሕይወቱ ዘመን ጥቂትና ክፉ እንደነበረ መለሰ። የተባረከ ሰው መልስ ይመስላል? የዶርም ጓደኞቼ ብልጥ ያሉት ሰው በሕይወቱ ማምሻ ሒሳቡን ሲያወራርድ የተናገረው ይህን ነው። ከዚያ በኋላ ግን በግብፅ 17 ዓመት ኖረ። ዮሴፍ በተሸጠ ጊዜ 17 ዓመቱ ነበር፤ እንግዲህ አባትየው መጀመሪያ ላይ ከልጁ ጋር የኖረውን ያህል በመጨረሻ ተመለሰለት።

ሊሞት ሲል ዮሴፍ ሁለት ልጆቹን፣ ምናሴንና ኤፍሬምን ለምርቃት አቀረበለት። የያዕቆብም ዓይን እንደ ይስሐቅ ዓይን ከእርጅና የተነሣ ፈዝዞ ነበር። ዮሴፍ በኩሩን ምናሴን በቀኙ በኩል አቆመው። ሽማግሌው እጆቹን አመሳቅሎ ቀኙን በታናሹ ላይ አኖረ። ዮሴፍ ተሳስተሃል ብሎ እጁን ሊያነሣ ሲሞክር ያዕቆብ ዐውቄያለሁ ልጄ፣ ዐውቄያለሁ በሚል ስሜት መለሰለት። እዚህም ታናሹ ቀደመ። ነገር ግን ቆዳ የለም፤ የሰው ልብስ የለም፤ ሁለቱም ልጆች እዚያው ቆመዋል፤ ሁለቱም ተባረኩ። ዓይነ ፈዛዛው አባት ማንን እንደሚባርክ ያውቃል።

ስለዚህ ያ ልጅ ፈተና ሰሞን ላነሣው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው። አዎ፣ ያዕቆብ ኮርጆ ተባርኳል። ውጤቱ አልተሰረዘበትም። ነገር ግን እናቱን፣ 20 ዓመቱን፣ የሠርጉን ሌሊትና የሚወደውን ልጅ አስከፍሎታል፤ መጨረሻም እያነከሰ ሄዶ ለወንድሙ ሰባት ጊዜ እንዲሰግድ አድርጎታል። ኩረጃው ለታናሽነት የተጻፈለትን በረከት ያመጣው ይሁን ወይስ ያዘገየው፣ ትንቢቱ ያለ ጠቦት ቆዳ ይፈጸም ነበር ወይስ አይፈጸምም የሚለውን ለእናንተ እተወዋለሁ። የተለየ ንባብ ያለው ካለ በሚቀጥለው እትም ቢጽፍበት ደስ ይለኛል። ብቻ ከዚህ በኋላ ስለ ምስሩ ስናወራ ስለ ገዢውም እንጠይቅ።